አንቲቦዲው ደም ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ? ዕድሜውን ለማስረዘምም ለማሳጠርም ያሉት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ፓሊቪዙማብ እና ኒርሴቪማብ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሕፃናትን አርኤስቪ ከተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ የሚከላከሉ አንቲቦዲዎች ናቸው። ፓሊቪዙማብ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ሕፃኑ በየወሩ መወጋት ነበረበት። የቫይረሱ ወቅት እስኪያልፍ እስከ 5 መርፌ ማለት ነው። ኒርሴቪማብ ሲመጣ ነገሩ ወደ አንድ መርፌ ወረደ። በመጀመሪያው ወቅት ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን 50 ሚሊግራም፣ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 100 ሚሊግራም። በቃ። ወላጅም ነርስም ተገላገሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኒርሴቪማብ ቫይረሱን ከፓሊቪዙማብ ይበልጥ ያከሽፋል፤ ያ አንድ ነገር ነው። ወራት እንዲቆይ ያደረገው ለውጥ ግን ቫይረሱን በሚይዘው ክንዱ ሳይሆን ቫይረሱን በማይነካው ግንዱ ላይ ነው ያለው። 3 አሚኖ አሲዶች ተቀየሩ፣ ግማሽ ዕድሜው ከ20 ቀን አካባቢ ወደ 70 ቀን አካባቢ ዘለለ። ግማሽ ዕድሜ የምንለው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው።

ይህን ያየ ሰው "ታዲያ ሁሉንም አንቲቦዲ እንዲህ ቢያደርጉትስ?" ማለቱ አይቀርም። አይሆንም። አንዳንዱን ማስረዘም ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንዱን ማስረዘም አደጋ አለው። ሆን ብሎ ማሳጠር የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ይህን የምጽፈው ፋርማሲ ወይም ባዮሎጂ ለሚያጠኑ፣ እንዲሁም የመድኃኒት ዜና ሲያነቡ "ይሄኛው ለምን በ6 ወር፣ ያኛው ለምን በ2 ሳምንት?" ብለው ለሚጠይቁ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሚያጠፋው ይታወቅ

"የትኛውን ለውጥ ላድርግ?" ከማለት በፊት አንቲቦዲው ከደም የሚጠፋው በምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። የደም ሥርን የሸፈኑት ሴሎች በዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ይጠጣሉ። ከፈሳሹ ጋር የገባው ፕሮቲን ኢንዶዞም የሚባል ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ እየኮመጠጠ ይሄዳል፣ ፒኤቹ ወደ 6 ይወርዳል። ቀጥሎ የሚጠብቀው ሊሶዞም ነው። እዚያ የደረሰ ፕሮቲን ተሰባብሮ ያበቃለታል።

አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ግን ማምለጫ አለው። ኤፍሲአርኤን የተባለ ተቀባይ ከረጢቱ ሲኮመጥጥ የአንቲቦዲውን ግንድ ይይዛል፣ ወደ ሴሉ ገጽ ይመልሰዋል። እዚያ የደሙ 7.4 ፒኤች ሲያገኘው ይለቀዋል። ዘዴው ያለው በሂስቲዲን ላይ ነው። በግንዱ 310ኛ እና 435ኛ ቦታ ላይ ያሉት ሂስቲዲኖች ኮምጣጣ ሲሆን አዎንታዊ ሙሌት ያገኛሉ፣ ያኔ ተቀባዩን ይይዛሉ። አንድ አይጂጂ 21 ቀን ገደማ ግማሽ ዕድሜ የሚያገኘው በዚህ ነው። ሦስተኛው ንዑስ ዓይነት 435ኛው ላይ በአብዛኛው ሂስቲዲን ሳይሆን አርጂኒን ስላለው 7 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። አንዲት አሚኖ አሲድ ይህን ታህል ልዩነት ታመጣለች።

እንዲህ ያለ ጠባቂ ተቀባይ መኖር አለበት ብሎ በ1960ዎቹ የገመተው ብሪታንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮጀርስ ብራምቤል ነው። ተቀባዩ በእጅ ሳይያዝ ማለት ነው። የእናት አንቲቦዲ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትና ከመጥፋት የሚተርፍበት መንገድ አንድ ሳይሆን አይቀርም አለ፣ ልክም ነበር።

ሁለተኛው አጥፊ ኩላሊት ነው። ከ60 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ያነሰ ፕሮቲን በኩላሊት ወንፊት ያልፋል። ሙሉ አንቲቦዲ 150 ኪሎዳልተን ስለሆነ አያልፍም። ክንዱ ብቻ ተቆርጦ ሲወጣ 50 ገደማ ነው። ናኖቦዲ የሚባለው ትንሽ የአንቲቦዲ ቁራጭ ደግሞ 15 ብቻ ነው። እነዚህ በሰዓታት ውስጥ ይወጣሉ።

ሦስተኛው አጥፊ ራሱ ዒላማው ነው። አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሴሉ ሁለቱንም አንድ ላይ ይውጣቸዋል፣ አብረው ይጠፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ የበሽተኛው ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የራሱን አንቲቦዲ ያመርትበታል። የአንቲቦዲው ገጽ ላይ አዎንታዊ ሙሌት ተከማችቶ ከሆነም ያገኘው ሴል ላይ ሁሉ ይለጠፋል።

የትኛው እንደሆነ እንዴት ይለያል? የመጠንና የጊዜ ግራፉን ማየት ነው። መጠኑ ሲጨምር ግማሽ ዕድሜው አብሮ ከረዘመ፣ የሚያጠፋው ዒላማው ነው። መጠኑ ሲበዛ ዒላማው ይሞላና መብላቱ ስለሚቀንስ ነው። በሁሉም መጠን 20 ቀን አካባቢ ከረጋ፣ ወሳኙ ኤፍሲአርኤን ነው። በሰዓት የሚቆጠር ከሆነ መጠነ ቁሱን ማየት ያስፈልጋል። በሁሉም መጠን ጥቂት ቀናት ብቻ ሆኖ ከተገኘ የገጹ ሙሌት ይመርመር። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆኖ ቆይቶ በድንገት ከወደቀ፣ የበሽተኛው ሰውነት እየተከላከለው ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው የግንድ ለውጥ ምንም አይፈይድም።

ዋይቲኢ ወይስ ኤልኤስ?

ችግሩ ኤፍሲአርኤን ላይ ከሆነ ዛሬ ገበያው ላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው። ስማቸው አዲስ የገቡት አሚኖ አሲዶች ፊደል ነው።

ዋይቲኢ 252ኛውን፣ 254ኛውን እና 256ኛውን ቦታ ይቀይራል። ሜቲዮኒን ታይሮሲን፣ ሴሪን ትሪዮኒን፣ ትሪዮኒን ግሉታሚክ አሲድ ይሆናሉ። በኮምጣጣው ፒኤች ላይ የመያዝ አቅሙ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ኒርሴቪማብ ላይ ያለው ይህ ነው። ለኮቪድ የተሠራው ኢቩሼልድም ይህንኑ ይዞ ከ80 ቀን በላይ ግማሽ ዕድሜ አግኝቷል።

ኤልኤስ ሁለት ቦታ ብቻ ይነካል፤ 428ኛው ላይ ሜቲዮኒን በሊዩሲን፣ 434ኛው ላይ አስፓራጂን በሴሪን ይተካሉ። ለኤችአይቪ የተሠራው ቪአርሲ01 የሚባለው አንቲቦዲ በሰው ላይ 15 ቀን ገደማ ነበር። ኤልኤስ ሲጨመርበት 71 ቀን ሆነ።

በቀን ብዛት ብቻ ካየናቸው ብዙ አይበላለጡም። ያው ዋይቲኢ በሁለት የተለያዩ አንቲቦዲዎች ላይ ተደርጎ የተለያየ ቀን ይሰጣል፤ ክንዱም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ግንዱ ሌላ ሥራ አለው ወይ የሚለው። ግንዱ ገዳይ ሴሎችንም ይጠራል። ዋይቲኢ ይህን ጥሪ ያዳክማል። ሥራችሁ ቫይረስን ወይም አንድ ሞለኪውልን መሸፈን ብቻ ከሆነ ይህ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ኢቩሼልድ ላይ ጥሪውን ጨርሶ ለማፈን ሌላ 3 ለውጥ ሆን ተብሎ ተጨምሯል። የካንሰር ሴል ማስገደል ከፈለጋችሁ ግን ዋይቲኢ አይመከርም። ኤልኤስ ጥሪውን ብዙም አይነካውም። ሌላው የዋይቲኢ ጣጣ ግንዱ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ትንሽ መቀነሱ ነው። ለወራት በፈሳሽ መልክ የሚቀመጥ መድኃኒት ከሆነ ይህንን ቀድሞ መፈተሽ ይገባል።

ስለዚህ በደፈናው ምረጥ ብባል ኤልኤስን እመርጣለሁ። ዋይቲኢን የምመርጠው ዝምተኛ ግንድ ስፈልግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "አጥብቆ ከያዘ ይበልጥ ይቆያል" ብሎ ማሰብ። ኤፍሲአርኤንን በ6 ፒኤች አጥብቆ መያዝ ግማሽ ሥራ ነው፤ በ7.4 መልቀቅም አለበት። ሲመለስ የማይለቅ አንቲቦዲ ታክሲ ተሳፍሮ "ወራጅ አለ" እንደማይል ሰው ነው። ሰፈሩ ደረሰ፣ አለፈ፣ ተመልሶ እዚያው መናኸሪያ ገባ። በመጨረሻ ሊሶዞም ያገኘዋል። በ6 ፒኤች ላይ በብዙ አሥር እጥፍ የሚይዙ ለውጦች ተሠርተው በእንስሳ ላይ ግማሽ ዕድሜው ከቁብ ሳይጨምር የቀረው በዚህ ነው።

የማሊው ወባ

ኤልኤስ ትልቅ ነገር የሠራበትን ቦታ ላሳያችሁ። ሲአይኤስ43ኤልኤስ የወባ ተውሳክ ትንኝ ከነደፈች በኋላ ጉበት ሳይደርስ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። በማሊ ገጠር በአዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2022 ወጣ። በደም ሥር አንድ ጊዜ በኪሎ 40 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ፣ በ6 ወሩ የወባ ወቅት ኢንፌክሽንን በ88.2 በመቶ ቀነሰ። በኪሎ 10 ሚሊግራም ሲሆን 75 በመቶ።

በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገጠር ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ጉሉኮስ መስቀያ ተክሎ በደም ሥር መስጠት አይታሰብም። ቀጥሎ የመጣው ኤል9ኤልኤስ ይበልጥ ኃይለኛ ስለሆነ በትንሽ መጠን ከቆዳ ሥር ይወጋል። ከ6 እስከ 10 ዓመት ባሉ የማሊ ልጆች ላይ 300 ሚሊግራሙ ኢንፌክሽንን በ70 በመቶ፣ በሕመም የታየ ወባን በ77 በመቶ ቀንሷል። አስተውሉ፤ ሁለቱም ኤልኤስ አላቸው። ከደም ሥር ወደ ቆዳ ሥር ያሸጋገረው ግማሽ ዕድሜው ሳይሆን የክንዱ ጉልበት ነው። ዕድሜ ብቻውን መጠኑን አያሳንስም።

እኛ አገር ስናመጣው አንድ ነገር መጨመር አለበት። እነዚህ አንቲቦዲዎች የሚይዙት ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቪቫክስም በሰፊው አለ። ለቪቫክስ ደም ውስጥ 6 ወር ቢቀመጡም አይሠሩም።

ዒላማው ሲበላው፤ ኤኩሊዙማብ እና ራቩሊዙማብ

ለእኔ ከሁሉም ጥሩው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ኤኩሊዙማብ በ2007 የተፈቀደ፣ ፒኤንኤች የሚባል ከባድ የደም በሽታ ላይ የሚሠራ አንቲቦዲ ነው። በሽታው የሰውነት መከላከያ የራሱን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስበት ነው። መድኃኒቱ ሲ5 የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ማፍረሱን ያቆማል። ችግሩ በየ2 ሳምንቱ በደም ሥር መሰጠቱ ነው። በዓመት 26 ጊዜ። ሥራ ያለው፣ ልጅ ያለው ሰው ይህን አስቡት። አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ ደግሞ በሽታው ይመለሳል።

ግማሽ ዕድሜው 11 ቀን ገደማ ነበር። ለአይጂጂ አጭር ነው። ለምን? ደም ውስጥ ሲ5 ብዙ ነው። አንቲቦዲው ሲ5ን አጥብቆ ይይዛል፣ አብረው ኢንዶዞም ይገባሉ፣ አብረው ይፈጫሉ። ኤልኤስ ብቻ ቢጨመርበት አንቲቦዲው ከነጭነቱ ወደ ደም ይመለስ ነበር። እጁ ሞልቶ የተመለሰ አንቲቦዲ ደግሞ ሌላ ሲ5 አይዝም።

ራቩሊዙማብን የሠሩት ሰዎች 4 አሚኖ አሲድ ቀየሩ። ሁለቱ ኤልኤስ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ክንዱ ላይ፣ ሲ5ን በሚይዝበት ቦታ፣ ሂስቲዲን ማስገባት ነው። አሁን ከረጢቱ ሲኮመጥጥ ክንዱ ሲ5ን ይለቃል፣ ግንዱ ደግሞ ኤፍሲአርኤንን ይይዛል። ሲ5 ወደ ሊሶዞም ይሄዳል። አንቲቦዲው እጁን አራግፎ ወደ ደም ይመለሳል። ግማሽ ዕድሜው 50 ቀን ገደማ ሆነ። አዋቂ በሽተኛ በየ8 ሳምንቱ ይወስደዋል። በዓመት 6 ወይም 7 ጊዜ። አሜሪካ ውስጥ በ2018 መጨረሻ ተፈቀደ።

በዚሁ ስልት ጃፓናዊው ቹጋይ ኩባንያ ከቶሲሊዙማብ ተነስቶ ሳትራሊዙማብን ሠርቷል። እዚያ ላይ የገጹን ሙሌትም ዝቅ አድርገውታል። ስለዚህ ግራፉ ላይ ዒላማው አንቲቦዲውን እየበላባችሁ ከሆነ ቅድሚያ ለክንዱ ስጡ፤ ግንዱ ይደርሳል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሂስቲዲን ሲገባ በ7.4 ላይም መያዙ ሊላላ ስለሚችል ብዙ ሙከራ ይጠይቃል።

ግንድ የሌላቸው

ክንድ ብቻ፣ ወይም የክንድ ቁራጭ የሆኑት ኤፍሲአርኤን የሚይዙበት ነገር የላቸውም። ኩላሊት ያጣራቸዋል። ማስረዘም ከተፈለገ ሦስት መንገድ አለ፤ ግንድ መቀጠል፣ ፔግ የሚባል ረጅም ፖሊመር ማንጠልጠል፣ ወይም አልቡሚን ላይ እንዲያዝ ማድረግ። አልቡሚን ራሱ በኤፍሲአርኤን ስለሚጠበቅ 19 ቀን ገደማ ይቆያል፤ የያዘውን አብሮ ይዞ ይዞራል።

ግንድ መቀጠል ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ብሊናቱሞማብን እዩ። የመከላከያ ሴልን ከካንሰር ሴል ጋር የሚያገናኝ፣ ለደም ካንሰር ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ግማሽ ዕድሜው 2 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር 28 ቀን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት፣ በፓምፕ በደም ሥር ይንጠባጠባል። በሽተኛው ፓምፑን በቦርሳ ይዞ ይተኛል፣ ይዞ ይነሳል። ተመሳሳይ ዘዴ ያለው ታርላታማብ ግንድ ተቀጥሎለት በየ2 ሳምንቱ ይሰጣል። ግማሽ ዕድሜው 11 ቀን ገደማ ነው።

ነገር ግን የብሊናቱሞማብ ማጠር ጥቅምም ነበረው። ይህ ዓይነት መድኃኒት የመከላከያ ሴሎችን ከልክ በላይ ሊያስቆጣ፣ አእምሮን ሊያምታታ ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ፓምፑን ያጠፋል። በሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱ የለም። ሳምንታት የሚቆየው ላይ ይህ ቁልፍ የለም።

ፔግ የሚመረጥበት ግልጽ ቦታ ሰርቶሊዙማብ ነው። ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ብግነት የሚሰጥ የአንቲቦዲ ክንድ ነው። 40 ኪሎዳልተን ፔግ ተንጠልጥሎበት 2 ሳምንት ገደማ ግማሽ ዕድሜ አግኝቷል። ግንድ ስለሌለው ኤፍሲአርኤን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ አያሻግረውም። ነፍሰ ጡር ሆና መድኃኒት ማቋረጥ የማትችል ሴት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ሰውነት ፔግን በቀላሉ አለመሰባበሩ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ቀድሞ ፔግን የሚቃወም አንቲቦዲ ይገኛል።

አልቡሚን ላይ የሚያዙት ከሁሉም ትንንሾች ናቸው። ጃፓን በ2022 የፈቀደችው ኦዞራሊዙማብ የሚባል ናኖቦዲ በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። ትንሽ ሆኖ መቆየት ከተፈለገ መንገዱ ይህ ነው።

ማሳጠር ሲፈለግ

ዳቢጋትራን የሚባል የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አደጋ ደርሶበት ደም እየፈሰሰው ድንገተኛ ክፍል ገባ እንበል። ኢዳሩሲዙማብ ዳቢጋትራንን ይዞ ሥራውን ያቆማል። ግንድ የሌለው ክንድ ነው። 5 ግራም ይሰጣል፣ የመጀመሪያ ግማሽ ዕድሜው 47 ደቂቃ ገደማ ነው። ደሙ ከቆመ፣ በሽተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ ዳቢጋትራኑን መልሶ መጀመር ይችላል። እዚህ ላይ 70 ቀን የሚቆይ አንቲቦዲ ቢሰጠው ሰውየው ለወራት ያ ማቅጠኛ አይሠራለትም ነበር።

በምስል ምርመራም እንዲሁ ነው። ሙሉ አንቲቦዲ ላይ ጨረር አመንጪ ዚርኮኒየም 89 ቢለጥፉ ደሙ እስኪጠራ ቀናት መጠበቅ ግድ ነው። ዚርኮኒየሙ ራሱ 78 ሰዓት ገደማ ግማሽ ዕድሜ ስላለው ይጠብቃል። ናኖቦዲ ከሆነ ጋሊየም 68 ይበቃዋል፤ 68 ደቂቃ ብቻ ነው ዕድሜው፣ ምስሉም በዚያው ቀን ይነሳል። የቅልጥም ጨረርም ይቀንሳል።

ግንዱን ይዞ ማሳጠር ለሚፈልግ ሰው 310ኛውን እና 435ኛውን ሂስቲዲን በሌላ መተካት ይቻላል። ግን ፋብሪካውን አትርሱ። አንቲቦዲ የሚጣራበት ፕሮቲን ኤ የሚባለው ነገር የሚይዘው ያንኑ አካባቢ ነው። ዕድሜውን አሳጥራችሁ ማጣሪያው ላይ አልያዝ ብሎ ሊያስቸግር ይችላል።

ማጠር የሚጎዳበትም አለ። ለእባብ መርዝ ማርከሻ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከበግ ወይም ከፈረስ የተገኙ የአንቲቦዲ ቁርጥራጮች ናቸው። ነጠላ ክንድ የሆነው ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። የተነደፈው ቦታ የተከማቸው መርዝ ግን ቀስ እያለ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከቀናት በኋላ የደም አለመርጋት ሊመለስ ይችላል። ሁለት ክንድ የተጣመረበት ትልቁ ቁራጭ በዚህ ይሻላል።

ሌላ አካሄድም አለ፤ የሌላውን አንቲቦዲ ዕድሜ ማሳጠር። ኤፍጋርቲጊሞድ ግንድ ብቻ ነው። ኤፍሲአርኤንን በሁለቱም ፒኤች አጥብቆ እንዲይዝ ተደርጓል። ያ "ወራጅ አለ" የማይለው ተሳፋሪ እዚህ ሥራ አገኘ፤ ወንበሩን ይዞ ሌላውን ያስቀራል። የበሽተኛው አይጂጂ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ጡንቻን የሚያዝል ማያስቴኒያ ግራቪስ ላይ በሽታውን የሚያመጣው የራስ አንቲቦዲ ስለሆነ ይህ ይረዳል። በ2021 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ያው በሽተኛ ሌላ የአንቲቦዲ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን እሱንም አብሮ ያጠፋበታል።

ማስረዘም የሚያስከፍለው

ኢቩሼልድ በታኅሣሥ 2021 ለአስቸኳይ አገልግሎት ተፈቀደ። ክትባት የማይሠራላቸውን ደካማ ሰዎች ለወራት እንዲጠብቅ ነበር። በጥር 2023 አሜሪካ ፈቃዱን አነሳች። አንቲቦዲው አላጠረም፤ ሰዎቹ ደም ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ቫይረሱ ነው የተለወጠው። ፈጥኖ የሚለዋወጥ ዒላማ ላይ ትልቅ ገንዘብ ለዕድሜ ማውጣት ይህን አደጋ ይዞ ነው።

ሌላው ሒሳብ ነው። መድኃኒት ከደም ወጣ የሚባለው 5 ግማሽ ዕድሜ ካለፈ ነው፤ ያኔ 3 በመቶ ገደማ ይቀራል። 20 ቀን ከሆነ 100 ቀን። 70 ቀን ከሆነ 350 ቀን፣ አንድ ዓመት ሊሞላ ማለት ነው። የጎንዮሽ ጉዳት ቢመጣ መልሶ መሳቢያ የለም። አዲስ ዒላማ ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ተራውን ግንድ ቢሞክር፣ ደኅንነቱ ሲታወቅ ቢያስረዝም ይሻላል ባይ ነኝ።

ደም ውስጥ የቆየ አንቲቦዲ ክትባትም ሊያከሽፍ ይችላል። ይህን ሁላችንም በተፈጥሮ እናውቀዋለን። እናት በኤፍሲአርኤን በኩል ለጽንሱ ያስተላለፈችው የኩፍኝ አንቲቦዲ ልጁ ደም ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሕያው ክትባቱ ቶሎ ከተሰጠ ያ አንቲቦዲ ያጠፋዋል። በእኛ አገር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው በአንድ በኩል ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ሳይነኩት ይበቃል

በየስንት ጊዜ ይወጋ የሚለውን ግማሽ ዕድሜ ብቻውን አይወስነውም። ለአስም የሚሰጡትን ሁለቱን እዩ። ሜፖሊዙማብ በየ4 ሳምንቱ ነው፣ ግማሽ ዕድሜው 20 ቀን ገደማ። ቤንራሊዙማብ 15 ቀን ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ከመጀመሪያዎቹ 3 መርፌዎች በኋላ በየ8 ሳምንቱ ይሰጣል። ይህ እንዴት ሆነ? ሜፖሊዙማብ ምልክቱን ያግዳል፤ ቤንራሊዙማብ ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ሴሎች ራሳቸውን ያስገድላል። የሞተ ሴል እስኪተካ ጊዜ ይፈጃል። በሌላ በኩል ዴፔሞኪማብ ሜፖሊዙማብ የሚያግደውን ያንኑ ምልክት ይዞ፣ ዋይቲኢ ተጨምሮበት፣ በየ6 ወሩ ተሞክሯል። ለአንድ በሽታ ሦስት የተለያየ መንገድ።

ስትሞክሩት

ተራ አይጥ ላይ አትመኑ። የአይጥ ኤፍሲአርኤን የሰውን አይጂጂ ከሰው ተቀባይ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ዋይቲኢ ወይም ኤልኤስ ያለው አንቲቦዲ ተራ አይጥ ላይ ጥቅሙ ላይታይ፣ እንዲያውም ቶሎ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ተስፋ ቆርጦ ጥሩ አንቲቦዲ የሚጥል ሰው አይጠፋም። የሰው ኤፍሲአርኤን ጂን የገባላቸው አይጦች አሉ፤ መጀመሪያ በእነሱ ይታይ። ቀጥሎ የሚመጣው ሲኖሞልገስ የሚባለው ጦጣ ነው። ዋይቲኢ ጦጣ ላይ 4 እጥፍ ገደማ ሰጥቶ ሰው ላይም ተቀራራቢ ሆኗል።

ከእንስሳውም በፊት በላብራቶሪ ሲለካ የ6 ፒኤቹን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሪፖርት አትቀበሉ። የ7.4ቱንም ጠይቁ። ዒላማው ፈሳሽ ፕሮቲን ከሆነ ደግሞ ክንዱ ዒላማውን በሁለቱም ፒኤች እንዴት እንደሚይዝ ይለካ። በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ለጦጣው ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።